እንግሊዞች የራሳቸው የባህል ጭፈራ አላቸው እንዴ? «የአገር ባህል» የሚባለውንስ ማነው የሚወስነው?

የጦሳ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ወገን። ጥያቄዬ ከኛ ሰፈር የራቀ ይመስላል፣ ግን ታገሱኝ፣ ወደ ቤት ይመለሳል።

እንግሊዝ አገር ያለች የአክስቴ ልጅ አንድ ቪዲዮ ላከችልኝ። ስድስት ጎልማሶች ከነቦርጫቸው ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ከጉልበታቸው በታች ቃጭል አስረው፣ በሁለት እጃቸው ነጭ መሃረብ እያውለበለቡ መንገድ ላይ ይዘላሉ። ጥግ ላይ አንዱ አኮርዲዮን ይጫወታል። ከኋላቸው መጠጥ ቤት አለ፣ ሰዉ ቢራውን ይዞ ቆሞ ያያል። ሞሪስ ዳንስ ይባላል አለችኝ።

ደሴ ውስጥ አንድ የወጣቶች የውዝዋዜ ቡድን አሰለጥናለሁ። ቪዲዮውን ልምምድ ላይ ለልጆቹ አሳየኋቸው። ከዚያ በኋላ ልምምድ የለም፣ ጭቅጭቅ ብቻ። ግማሹ «ፈረንጅ ምን ባህል አለው፣ ይሄ ሰርከስ ነው» አለ። ግማሹ ዱላ ይዘው የሚጨፍሩበትን ሲያይ «እነዚህማ የራያ ዘመዶች ናቸው» ብሎ ሳቀ። አንዷ ልጅ ግን ደህና ነገር አነሳች። ከቪዲዮው ሥር የተጻፈውን አስተያየት ስታነብ ቆይታ «የሚሳለቁባቸው የራሳቸው አገር ሰዎች ናቸው፣ ለምን?» አለች። እኛ በእስክስታ እንዲህ ስንስቅ አይቼ አላውቅም። እንጣላበታለን እንጂ አንስቅበትም።

ይሄ ነገር ለምን እንደቆረቆረኝ ልንገራችሁ። ባለፈው ለአንድ በዓል ተጠርተን ነበር። አዘጋጆቹ «የወሎን ውዝዋዜ በሦስት ደቂቃ አቅርቡ» አሉን። እሺ አልን። ልምምዱን ሊያዩ መጡና ሽርጡን አስወለቁን፣ «ለመድረክ አይሆንም፣ ነጭ ሱሪ ልበሱ» ተባለ። ድቤው «መንዙማ ያስመስለዋል» ተብሎ ወጣ፣ ኪቦርድ ገባ። የከሚሴው ክፍል ደግሞ «ተመልካች ያምታታል» ተብሎ ተቆረጠ። የቀረው ያው ቴሌቪዥን ላይ የምታዩት ነው። ትከሻ፣ ትከሻ፣ ፈገግታ፣ አለቀ። ሰዉ አጨበጨበ። ከመድረክ ስንወርድ አንድ አባት ጠብቀው «ጎበዞች፣ እንዲያው የየት አገር ነው?» አሉን። መሬት ዋጠችኝ።

እና ጥያቄዬ፦ የነሱ ሞሪስ የምር የድሮ ነው ወይስ ለቱሪስት የተሠራ? ለምንስ ያፍሩበታል? አንድ ጭፈራ «የአገር» የሚሆነው ማን ሲፈርምበት ነው?


የኮምቦልቻዋ

ሰላም ወንድሜ። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ ኑሮዬ ኦክስፎርድ አጠገብ ከሆነ ቆየ። ስለዚህ ይሄን ጭፈራ በቪዲዮ ሳይሆን ቁሜ አይቼዋለሁ።

እዚህ ሜይ 1 ትልቅ ቀን ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሞድሊን ኮሌጅ መዘምራን ማማው ላይ ወጥተው ይዘምራሉ። ከታች መንገዱ በሰው ጢም ይላል። ተማሪው ሌሊቱን ሲጠጣ አድሮ ነው የሚመጣው። መዝሙሩ እንዳለቀ ሞሪሶቹ በየመንገዱ ይጀምራሉ። ከቱሪስት ጋር ምንም አያገናኘውም፣ ጎህ ሲቀድ የትኛው ቱሪስት ይነሳል።

ቃጭሉን አንዴ በእጄ ይዤዋለሁ። ቆዳ ላይ ትንንሽ የናስ ቃጭሎች በረድፍ ተሰፍተው፣ ዳር ዳሩን በባለቀለም ሪባን አስጊጠውት፣ ቅልጥም ላይ ይታሰራል። ሲያዩት ቀላል ነው፣ አስረው ሲዘሉ ግን እግር ይይዛል። ስድስቱም እኩል ካረፉ የሚሰማው አንድ ድምፅ ነው። አንዱ ከዘገየ ወዲያው ይታወቃል፣ ቃጭሉ ያሳብቅበታል። መሃረቡም ለጌጥ ብቻ አይደለም። እጅ ወደ ላይ ሲወረወር በደንብ ካልተዘረጋ ጭፈራው ሞቷል ይላሉ። «ቦርጫሞች» ያልካቸው ሰዎች ሳያርፉ ከአንዱ መጠጥ ቤት ወደ ሌላው እየሄዱ ቀኑን ሙሉ ሲዘሉ ይውላሉ። አንተን ባየሁህ!

አንድ ነገር ላርም ግን። ሞሪስ አንድ አይደለም። የኦክስፎርድ አካባቢው ኮትስዎልድ የሚሉት ነው፣ መሃረቡና ዱላው የሱ ነው። ወደ ሰሜን ምዕራብ ስትሄድ የፋብሪካ ከተሞች የእንጨት ሶል ባለው ጫማ አስፋልቱን እየቀጠቀጡ በሰልፍ ይሄዳሉ። ኒውካስል አካባቢ የማዕድን ቆፋሪዎቹ መንደር አጫጭር የሚታጠፍ ብረት ይዘው እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። በዌልስ ድንበር ያሉት የተቀዳደደ ባለቀለም ኮት ለብሰው እየጮሁ ዱላ ያማታሉ። የአንዱ ለሌላው እንግዳ ነው። ልክ የሰቆጣና የቦረና ሰው እንደሚተያየው።

ማፈሩን በተመለከተ፣ ሥራ ቦታ አንድ ሽማግሌ አለ፣ ሃያ ምናምን ዓመት የጨፈረ። «እባክሽ ለወጣቶቹ እንዳትነግሪብኝ» ይለኛል። አንደኛው ምክንያት ያው የሽማግሌና የቢራ ነገር ተደርጎ መታየቱ ነው። ሁለተኛው ይከብዳል። ስኮትላንዱ ቀሚሱን ለብሶ ቢወጣ ማንም ምንም አይለውም፣ አየርላንዱም ዌልሱም እንደዚያው። እንግሊዙ ግን የራሱን ቀይ መስቀል ያለበትን ባንዲራ በር ላይ ከሰቀለ፣ ኳስ ካልሆነ በቀር፣ ጎረቤቱ «ይሄ ሰውዬ ስደተኛ ይጠላል እንዴ» ብሎ ይጠረጥረዋል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀናቸው ኤፕሪል 23 ነው፣ ሥራ ግን አይዘጋም። ብሔራዊ መዝሙር እንኳ ለብቻቸው የላቸውም፣ የሚዘምሩት የመላው ብሪታንያን ነው። አገሪቱ ሌሎችን አገሮች ስትገዛ ኖራ «እንግሊዝ» እና «ብሪታንያ» ተቀላቅለውባት ቀሩ። ለብቻ እንግሊዝ መሆን ምን እንደሆነ ስትጠይቃቸው ወይ ይቀልዳሉ ወይ ይናደዳሉ።

በዚህ ክፍተት ቀኝ አክራሪዎቹ ገቡ። ብሪቲሽ ናሽናል ፓርቲ የሚባለው ባህላዊውን ሙዚቃና ጭፈራ የራሱ መታወቂያ ሊያደርገው ሲሞክር ባለሙያዎቹ ተቆጡ። እ.ኤ.አ. በ2009 «ፎክ አጌንስት ፋሺዝም» የሚባል እንቅስቃሴ አቋቁመው «ስማችንን አትጠቀሙ» አሏቸው። እና የኔ ሽማግሌ የሚያፍረው ዳንሱን ጠልቶ አይደለም። ከማን ጋር እንደሚደምሩት ስለሚፈራ ነው።


ቧንቧ ውሃ

እኔ ደግሞ የአክስትህን ልጅ ቪዲዮ ሳላይ ነው የሳቅኩት 😂

ቁም ነገሩን ላውራ። ባህል ማለት ሰው ሳይጠየቅ የሚያደርገው ነው። እንግሊዝ ሳይጠየቅ የሚያደርገው ምንድን ነው? ሻይ መጠጣት፣ ወረፋ መያዝ፣ ስለ ዝናብ ማውራት፣ ኳስ ማየት። ባህላቸው ይሄ ነው። መቶ ሰው ውስጥ አንዱ የማያውቀውን ጭፈራ «ብሔራዊ» ማለት ቀልድ ነው። እኛ ሰርግ ላይ ማንም ሳያዘን ትከሻችን ይነሳል። ልዩነቱ ይሄ ነው። አለቀ።


መምህር ዘሐይቅ

ልጆች፣ አለቀ አትበሉ። ቡና ይዤ መጣሁ።

ጥንታዊ ነው ወይ ለተባለው፣ ነው። ግን ሰዎች በሚያስቡት መንገድ አይደለም። የመጀመሪያው ታማኝ መዝገብ የ1448 ነው (ዓመቱን ሁሉ በነሱ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ለንደን ውስጥ የወርቅ አንጥረኞች ማኅበር ለሞሪስ ጨፋሪዎች ሰባት ሺሊንግ መክፈሉን ጽፏል። ልብ በሉ፣ ገበሬ አይደለም፣ የሀብታም ነጋዴ ግብዣ ነው። ያኔ በሌላውም አውሮፓ ቤተ መንግሥት የተለመደ መዝናኛ ነበር። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ድግስ፣ ከዚያ ወደ መንደር ወረደ። በ1600 ዊል ኬምፕ የሚባል የቲያትር ቀልደኛ ከለንደን እስከ ኖርዊች ድረስ እየጨፈረ ሄዷል። እንዲያ የታወቀ ነበር። ቆይቶ ፒዩሪታን የሚባሉት አጥባቂዎች ኃይል ሲያገኙ ጭፈራውንም የሜይ በዓሉንም ኃጢአት ነው ብለው አፈኑት። በ1660 ንጉሡ ሲመለስ እሱም ተመለሰ።

ፋብሪካና ባቡር ሲመጣ ወጣቱ መንደሩን ለቆ ሄደ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በብዙ ቦታ የሚጨፍረው ሽማግሌ ብቻ ነበር። አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። በ1899 ከገና ማግስት፣ ዲሴምበር 26፣ ሴሲል ሻርፕ የሚባል የሙዚቃ መምህር ኦክስፎርድ ዳር ሄዲንግተን አማቱ ቤት ተቀምጦ ሳለ ስምንት ያህል ሰዎች በር ላይ መጥተው ጨፈሩ። ወቅቱ አልነበረም፣ የሞሪስ ጊዜ የጰራቅሊጦስ ሰሞን ነው። የመጡት ብርዱ ግንባታ አስቁሞባቸው ሥራ ፈትተው ስለነበር ነው። ሳንቲም ፍለጋ። ኮንሰርቲና የሚባለውን ትንሽ አኮርዲዮን መሰል መሣሪያ የሚጫወተው ዊልያም ኪምበር ጡብ ሠራተኛ ነበር። በዚህ ወቅት መውጣታቸውን እያፈረ ይቅርታ ጠየቀ ይባላል። ሻርፕ በማግስቱ ጠርቶት ዜማዎቹን በኖታ ጻፈ።

እንግሊዝ «የአገሬ ጭፈራ» የሚለው ነገር ዛሬ ያለበትን መልክ የያዘው በዚህ ምክንያት ነው። ሻርፕ ከዚያ በኋላ መንደር ለመንደር ዞሮ ሰበሰበ። ልጆች በትምህርት ቤት ይሄን ከተማሩ እንግሊዝነታቸው ይጠነክራል ብሎ አጥብቆ ያምን ነበር። ጭፈራው ከክርስትና በፊት ከነበረ አምልኮ የተረፈ ነው ብሎም ጻፈ። ዛሬ የታሪክ ሰዎች ይሄን አይቀበሉትም፣ መዝገቡ የሚያሳየው ቤተ መንግሥትና ነጋዴ ነው። በ1911 ማኅበር አቋቋመ። እሱ ከሞተ በኋላ ለንደን ውስጥ በ1930 በስሙ ቤት ተከፈተለት፣ አሁንም አለ።

ቧንቧ ውሃ፣ አንተ እንዳልከው «ሳይጠየቅ የሚደረግ» ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ባላስፈለገ ነበር፣ እዚያ ላይ እስማማለሁ። ግን ያንተ ትከሻም ሳይጠየቅ የሚነሳው ከየት የተማረውን ነው? ከመንደር ነው ወይስ ከቴሌቪዥን?


ቧንቧ ውሃ

ጋሼ ያዙኝ እንግዲህ 😅 ግን ይሄማ እኔ ያልኩትን ያረጋግጣል። አንድ የሙዚቃ መምህር በር ላይ ቆሞ ሥራ ፈት ግንበኞች ያያል፣ ይጽፋል፣ ማኅበር ያቋቁማል፣ ከዚያ «የጥንት አባቶቻችን» ይባላል። በረካውን ነው አቦል ብሎ የሸጠላቸው።


መምህር ዘሐይቅ

በረካም ቢሆን ከዚያው ጀበና ነው የተቀዳው፣ አትርሳ።

ሻርፕ አልፈጠረም። ጨፋሪዎቹ ነበሩ፣ እርምጃውም ዜማውም ነበር። የሠራው መምረጥ ነው። ይሄ ያማረ ነው፣ ይሄ የሰከረ ሰው ነው፣ ይሄ ቆሻሻ ግጥም ነው፣ ይሄ ከተማ የቀላቀለው ነው እያለ። የመረጠው ተጻፈ። ያልመረጠው በየሽማግሌው መቃብር ገባ። የፋብሪካ ከተሞቹ በእንጨት ጫማ የሚጨፍሩት ብዙም አልሳበውም፣ የገጠሩን ነው የፈለገው። ለምን? እንግሊዝ በጭስና በፋብሪካ ተውጣ ስለነበር ንጹሕ ገጠር ያለባት አገር ማሰብ ደስ ይል ነበር።

ወደኛ ላምጣው። አገር ፍቅር በ1935 የተቋቋመው ጣሊያን ሊመጣ ሲል ሕዝቡን ለመቀስቀስ ነው። ከየክፍለ አገሩ ዘፈንና ውዝዋዜ መድረክ ላይ ወጣ። መድረክ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። በመንደር ክብ ሠርተን ነው የምንጨፍረው፣ ጀርባችን ለማንም አይደለም። መድረክ ላይ ግን ፊት ለተመልካች ነው፣ ስለዚህ ክቡ ተፈትቶ መስመር ሆነ። መንደር ውስጥ ሌሊቱን የሚዘልቀው ሦስት ደቂቃ ሆነ። በደርግ ጊዜ ደግሞ በየቀበሌው በየአውራጃው ኪነት ተቋቋመ። የኛው የወሎ ላሊበላ ኪነት ስንቱን ድምፃዊና ተወዛዋዥ አወጣ። እኔ ራሴ ወጣት ሆኜ ያየሁት ነው፣ እንዴት ያለ ነገር ነበር! እዚያ መድረክ ላይ የተሠራው ዛሬ «የወሎ ባህል» ስንል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ነው። ውሸት ነው? አይደለም። ሙሉ ነው? አይደለም።

ስለዚህ የጦሳ ልጅ፣ ሽርጡን ያስወለቁህ ሰዎች ሻርፕ የሠራውን ነው የሠሩት። ልዩነቱ ሻርፕ ቢያንስ ሰዎቹ መንደር ድረስ ሄዶ ነበር።


ሻደይ ከሰቆጣ

እኔ አንድ ያልተነሳ ነገር ላንሳ፣ መምህር ይቅርታ ያድርጉልኝና። ታሪኩ ውስጥ ሴቶቹ የት ገቡ?

ይሄን ነገር ለዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ ስሠራ አንብቤው ስለነበር አሁንም ያናድደኛል። ሻርፕ ከኪምበር ዜማውን ከጻፈ በኋላ ዓመታት ዝም ብሎ ነው ያስቀመጠው። የቀሰቀሰችው ሜሪ ኒል ናት። ለንደን ውስጥ ልብስ ስፌት የሚሠሩ ድሃ ሴት ልጆች የሚሰበሰቡበት ኤስፔራንስ የሚባል ክበብ ነበራት። በ1905 ለልጆቹ የሚሆን ጭፈራ ፈልጋ ሻርፕን ጠየቀችው፣ ወደ ኪምበር ላካት። እሷ ምን አደረገች? ኪምበርን ራሱን ከአጎቱ ልጅ ጋር ለንደን አምጥታ ልጆቹን እንዲያስተምሩ አደረገች። ከጨፋሪ ወደ ጨፋሪ፣ ያለ ወረቀት። ልጆቹ ተምረው ደግሞ በየከተማው እየዞሩ አስተማሩ። ቀን ሙሉ መርፌ ላይ አጎንብሰው የሚውሉ ልጆች!

ከዚያ ከሻርፕ ጋር ተጣሉ። እሱ «እርምጃው በትክክል መጠበቅ አለበት፣ የሚያስተምረውም የሰለጠነና ሰርተፊኬት ያለው ነው» አለ። እሷ «የሕዝብ ነው፣ ደስታው ከሌለ ትክክለኛው እርምጃ ምን ያደርጋል» አለች። ማኅበሩንም ስሙንም እሱ ይዞት ቀረ። ከዚያ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ፣ ሻርፕ ለማሳያ ይዟቸው የሚዞራቸው ወንዶች በርካቶቹ በ1916 ተገደሉ። ሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ ባተርወርዝ ከነሱ አንዱ ነው። በዚያ ጊዜም ጭፈራውን በእጃቸው ይዘው ያቆዩት በብዛት ሴቶች አስተማሪዎች ናቸው።

እና በ1934 «ሞሪስ ሪንግ» የሚባል የቡድኖች ኅብረት ሲቋቋም ምን አሉ? ሞሪስ የወንድ ነው! ወግ ነው! ሴቶቹ የራሳቸውን ፌዴሬሽን እስኪያቋቁሙ 1975 ደረሰ። የአርባ ዓመት ልማድ ሲሆን የአባቶች ወግ ይባላል፣ ሴቶች የሠሩት ሠላሳ ዓመት ግን ይረሳል። አሁን ደግሞ ስትራውድ የሚባል ከተማ ያሉ ሴቶች ብቻ ያሉበት ቦስ ሞሪስ የሚባል ቡድን አለ። በ2023 ብሪት አዋርድስ መድረክ ላይ ከሮክ ባንድ ጋር ወጥተው ጨፈሩ። ወጣቱ ሞሪስን እንደገና ማየት የጀመረው በነሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እኛ ጋ ነሐሴ 16 ሲደርስ ልጃገረዶቹ ቄጠማውን ወገባቸው ላይ አስረው ከበሮ ይዘው ሲወጡ ማንም «የሴት ነው» ብሎ ለማስረዳት አይቸገርም። የኛ ጣጣ ሌላ ነው። ሻደይ የሰቆጣ፣ አሸንድዬ የላሊበላ፣ ሶለል የቆቦ፣ አሸንዳ የትግራይ፣ የማን ነው ቀዳሚው እያልን ፌስቡክ ላይ የምንናከሰው አብዛኞቻችን ቄጠማ ነቅለን የማናውቅ ሰዎች ነን። ልጆቹማ ዘፈናቸው ላይ ናቸው።


የኮምቦልቻዋ

ሻደይ፣ እጅሽ ይባረክ።

አንድ ሰው በውስጥ መስመር «ፊታቸውን ጥቁር የሚቀቡትስ? እንዴት ዝም አልሽ» ብሎ ጻፈልኝ። ዝም አላልኩም፣ ይቆየኝ ብዬ ነው።

ያ የዌልስ ድንበሩ ዓይነት ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ቀን ልጄን ይዤ ገበያ ወጥቼ ነበር። ከማዕዘኑ ዞር ስንል አሥራ ምናምን ሰው ፊቱን ከሰል አስመስሎ ጥቁር ቀብቶ እየጮኸ ዱላ ያማታል። ልጄ እጄን ጨምቃ ይዛ «እማ፣ እኛን ነው?» አለችኝ። እንግዲህ ምን ብዬ ልመልስ። ተናደድኩ፣ ግን ደግሞ ሰዎቹ ፈገግ ብለው ሰላም ይሉናል፣ አንዱ ለልጄ ሪባን ሰጣት። በክፋት እንዳልሆነ ይታያል። ያ ነው ይበልጥ ያናደደኝ መሰለኝ።

በኋላ ጠየቅኩ። እነሱ የሚሉት፣ ድሮ ክረምት ሲሆን የእርሻ ሠራተኛ ሥራ የለውም፣ ልመና ደግሞ ያስቀጣል፣ ስለዚህ ጌታው እንዳያውቀው ፊቱን በጥላሸት ቀብቶ እየጨፈረ ሳንቲም ይሰበስባል። መደበቂያ ነው ይላሉ። ይሄ ባዶ ወሬ አይደለም። ግን ተመራማሪዎች ሌላም ይጨምሩበታል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ጥቁር ሰውን መቀለጃ የሚያደርግ የአሜሪካ መድረክ ትርዒት እንግሊዝን አጥለቅልቋት ነበር። የመንደሩ ጨፋሪ ከሱም ቀድቷል። ሁለቱን መለየት አይቻልም፣ ተቀላቅለዋል።

እ.ኤ.አ. በ2020 የሞሪስ ማኅበራቱ በጋራ «ሙሉ ጥቁር ቀለም ይብቃ» ብለው ወሰኑ። ብዙዎቹ ቡድኖች ወደ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ቀየሩ፣ መደበቂያውም አልቀረም። አንድ የታወቀ ቡድን፣ በላንክሻየር ቤከፕ የሚባል ከተማ ያለው፣ «የኛ ከማዕድን ቆፋሪዎች ጋር የተያያዘ ነው፣ አንቀይርም» ብሎ ከማኅበሩ ወጣ። ከተማው ውስጥ ብዙ ደጋፊ አላቸው። ጋዜጣው ሁሉ ስለዚህ ነው የጻፈው፣ ስለ ጭፈራው ግን ማንም አንድ መስመር አልጻፈም።

የኔን አቋም ከጠየቃችሁኝ፣ ቀለሙ መቀየሩ ጥሩ ነው። ባህል ይነካል ብዬ አላለቅስም። የ1448ቱ ሰው የዛሬውን ቢያይ አንዱንም አያውቀውም። ግን እንዲቀየር ያደረጉት ራሳቸው ጨፋሪዎቹ ተሰብስበው ተከራክረው ነው እንጂ ከውጭ አንድ አዘጋጅ መጥቶ «ይሄን አውልቁ» ስላላቸው አይደለም። የጦሳ ልጅ፣ ያንተን ታሪክ ሳነብ የቆጨኝ ይሄ ነው። ሽርጡ ቢቀር አይገርመኝም ነበር፣ ልጆቹ ተወያይተው ቢሆን።


ቧንቧ ውሃ

እሺ አሁን ቀልዱን ተውኩት። ልጅሽ ያለችው አንጀቴን በላው።

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፣ የምር። ጨፋሪው ይወስን ከተባለ፣ የኛ ጨፋሪ ማነው? ወረኢሉ ያለው ገበሬ ነው፣ የጦሳ ልጅ ቡድን ነው ወይስ አዲስ አበባ ባህል ምሽት ቤት የሚሠራው? ሦስቱም «ወሎ» ነው የሚሉት። ሲጣሉ ማን ይዳኛል? መንግሥት እንዳትሉኝ። ዩኔስኮም እንዳትሉኝ።


መምህር ዘሐይቅ

ዩኔስኮን ካነሳህ አይቀር፣ የሚዳሰሱ ያልሆኑ ቅርሶች ስምምነቱን ኢትዮጵያ የተቀበለችው በ2006 ነው። ብሪታንያ በ2024። ጥምቀታችን በ2019 ተመዝግቦ ሲያበቃ እነሱ ገና ምን እናስመዝግብ እያሉ ነበር። ስለዚህ ፊርማ ባህል ቢያቆይ ኖሮ እኛ ቀድመናል። የጦሳ ልጅ ላይ የደረሰው ግን ከፊርማው በኋላ ነው።

ዳኛ አያስፈልግም፣ ልጄ። ባምፕተን የሚባል የኦክስፎርድሻየር መንደር አለ፣ ሞሪሱ ተቋርጦ አያውቅም ብለው ይኮራሉ። እዚያች ትንሽ መንደር ውስጥ ከአንድ በላይ ቡድን አለ፣ ምክንያቱም ተጣልተው ተለያዩ። በበዓላቸው ቀን ሁሉም ይወጣል፣ ሁሉም ትክክለኛው እኔ ነኝ ይላል፣ ሰዉ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ ያያል። ታክስተድ የሚባል ሌላ ከተማ ደግሞ ሞሪሱን ያስነሱት ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቀይ ባንዲራ የሰቀለ ሶሻሊስት ቄስና ሚስቱ ናቸው። አንዱ ለብሔርተኝነት ሊጠቀምበት ሲፈልግ ሌላው ለሶሻሊዝም ተጠቅሞበታል፣ ጭፈራው ሁለቱንም አሳልፏል።

እኛም ጋ ያው ነው። ባቲ እና አምባሰል የወሎ መሬት ናቸው፣ ቅኝቶቹን ግን ጎንደሬውም ሸዌውም ይዘፍንበታል። ከኛ አልቀነሰብንም። ችግር የሚመጣው ወሎ አንድ መልክ ብቻ ይኑራት ሲባል ነው። ንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍን ደሴ ላይ ሲሠሩ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ አዳራሽ ገብቶ እንዲበላ ነው ይባላል። አንድ ዓይነት ልብስ ለብሳችሁ ግቡ ግን አላሉም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ኪምበር ማን እንደሆነ እናውቃለን። ጡብ ሠራተኛ መሆኑን፣ የት እንደኖረ፣ ማን እንዳስተማረው፣ አባቱም ጨፋሪ እንደነበር ተጽፏል። የኛ ከበሮ መቺዎች ስማቸው የት አለ? በኪነት ጊዜ ከየወረዳው እየመጡ እርምጃውን ያሳዩ ሽማግሌዎችና እናቶች ነበሩ፣ ስማቸውን የጻፈ የለም። «የሕዝብ» ተብሎ ቀረ። ወሎ ውስጥ ዛሬም በሕይወት ያሉ አሉ። ልጄ፣ መጀመሪያ የምትሄደው ወደነሱ ነው። ስልክህ ይቀርጻል አይደል? ማን፣ የት፣ ከማን እንደተማረ፣ በየትኛው ወቅት እንደሚጨፈር፣ ማን እንደሚጀምር ጠይቅ። ጭፈራውን ብቻ ቀርጸህ እንዳትመለስ።


የጦሳ ልጅ

መምህር እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም አላህ ይስጣችሁ። ዛሬ ልምምድ ላይ ለልጆቹ ሙሉውን አነበብኩላቸው። የሜሪ ኒል ላይ ሲደርስ ሴቶቹ አጨበጨቡ፣ ወንዶቹ ኩርኩማቸውን ቀመሱ።

የወሰንነው ይሄን ነው። ለሚቀጥለው በዓል እንደገና ጠርተውናል። ሽርጡ ይመለሳል፣ ድቤው ይመለሳል፣ የከሚሴውን ክፍል የከሚሴ ልጆች ራሳቸው መጥተው ይሠሩታል። ሦስት ደቂቃ ውስጥ ካልገባ አንድ ነገር ብቻ ሙሉ እናቀርባለን እንጂ አምስት ነገር አንቆራርጥም። አዘጋጆቹ ካልተስማሙ አንሄድም፣ በዚህ ልጆቹ ተስማምተዋል። አንዱ ብቻ አበሉ ይቀርብናል ብሎ ተቃውሟል፣ እውነቱን ነው እሱም።

ከዚያ በፊት ግን ወረኢሉ ወጣ እንላለን። የአንዷ ልጅ አያት ድቤ መቺ ነበሩ፣ አሁንም ጤነኛ ናቸው አለችን። ደህና ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ያለው ሰው አለ? የኔ ስልክ ከበሮ ሲሰማ ድምፁን ይሰነጥቀዋል።


ቧንቧ ውሃ

እኔ አለኝ። ለሰርግ የምሠራበት ነው፣ ማይኩም ጥሩ ነው። ቤንዚን ግን ከናንተ፣ ምሳም ከናንተ። ደግሞ ፊት ወንበር የኔ ነው፣ ያ መንገድ ከኋላ አይቻልም።